በልጄ ወንበር ላይ

ምክር የማያልቅበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ መካነ ሰላም ኑና እኔን እዩ። ማንበብ የተማርኩት ያለ አስተማሪ ነው፤ ስለዚህ ትምህርት የከበደው ሁሉ ሰነፍ ይመስለኛል።

ልጄ የመንግሥት መምህርነቷን ትታ በግሏ ተማሪ ማሠልጠን ስትጀምር አፈርኩባት። የምታሠለጥነው ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ አይደለም፤ ጥናትን እንዴት እንደሚጀምሩ፣ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚከፋፍሉ፣ የጀመሩትንም እንዴት እንደሚጨርሱ ነው። ይህ ደግሞ ሥራ ነው? ታዲያ አለንጋ ምን ሠርቶ ይብላ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አቀስታ ሄዳ ሳለ፣ አንዲት እናት ፈተና ሲቃረብ ትምህርቷን ላቋርጥ ያለች ልጇን ይዛ መጣች። "ትመለሳለች፣ ጠብቋት" ማለት ሲገባኝ፣ በልጄ ወንበር ላይ ጉብ ብዬ ስለ ትጋት፣ ስለ ጽናት፣ በተለይም ስለ ራሴ አስተማርኩ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተማርኩ።

ስጨርስ ልጅቷ ቀስ ብላ፣ "እሺ አባባ፤ ዛሬ ቤት ስገባ መጀመሪያ ምን ላድርግ?" አለችኝ።

"ጎብዢ!" አልኳት።

ልጅቷ አቀረቀረች። እናቷ ተነሣች።

"ወላሂ ጋሼ፣ ይህንንማ አባቷም ሳይደክመው ይነግራታል። እኛ የመጣነው የእርስዎን ልጅ ብለን ነበር።"

ልጅቷ ደብተሮቿን ለታናሿ እንደምትሰጥ እየተናገረች ወጣች።

ልጄ ስትመለስ የሆነውን ነገርኳት። ከመንገድ የመጣችበትን ጫማ ሳታወልቅ ልጅቷን ፍለጋ ወጣች። ልከተላት ብድግ አልኩ። ነገር ግን ልጅቷ ፊት ስደርስ አፌን መዝጋት የምችል ስላልመሰለኝ መልሼ ቁጭ አልኩ።