አባ በቃና የባለቤቴ ጣቶች

ገላጋይ የሌለበት ሰፈር የለም፤ ገላጋዩን የሚወድ ተጣይ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። የእኛ ሕንፃ ገላጋይ ከላያችን የሚኖሩት ጡረተኛ ናቸው። «ክቡር አባ በቃ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ገና ድምፅ ከፍ ሲል ኮታቸውን ደርበው ከተፍ ይላሉ፤ መሀል ገብተው «በቃ፣ በቃ፣ ጎረቤት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ነገር ከጀመርኩ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስንት ያማረ ስድብ አፌ ላይ እንዳስቀሩብኝ እኔው ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ሌባ ገባ ተብሎ ዱላ ዱላችንን ይዘን ወጣን። ሌባው አጥር ዘሎ ካመለጠ በኋላም አልበረድንም፤ የራሳችንን በር ገነጠልን፣ መስታወት አረገፍን። አባ በቃ መሀል ገብተው «ሌባው እኮ ሄዷል፤ የምትደበድቡት ቤታችሁን ነው» አሉ። እኛን ሲጎትቱ የኮታቸው እጅጌ ተገነጠለ።

ኮቱን ልብስ ሰፊ ለሆነችው ባለቤቴ አመጡላት። በዚያው ሰሞን ግን ጣቶቿ አብጠው መርፌ መያዝ አቃታት። «ሌላ ሰፊ ጋ ይውሰዱት» ብትላቸው «ግዴለም እህቴ፣ ሲሻልሽ» ብለው በሹራብ ከረሙ። እሷ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው። መኪናው ተሸፍኖ ማየቱ አስፈራኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሟ አስረዳችን። «ጀርም ሲገባ የሚዋጉ ሕዋሳት አሉ፤ እብጠቱና ሕመሙ ከውጊያቸው ነው የሚመጣው። ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ እንደ ኢንተርሉኪን 10 ያሉ ፕሮቲኖች ይረጫሉ። ፕሮቲኑ ተዋጊዎቹ ላይ ሲያርፍ ‹ረገብ በሉ› የሚል መልእክት ያደርሳል። እርስዎ ጋ መልእክቱ ኃይል አንሶታል፤ ተዋጊዎቹ ጀርም በሌለበት የራስዎን መገጣጠሚያ እያጠቁ ነው።»

«ታዲያ ተዋጊዎቹን ለምን ጠራርገን አናጠፋቸውም?» አልኩ።

«እውነተኛው ጀርም ሲመጣ ማን ይወጣል? መድኃኒቱ እንዲያበርዳቸው ብቻ ነው የምንፈልገው።»

ባለቤቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ዶክተር፣ እኚያን ፕሮቲን የሚረጩትን እኛ እናውቃቸዋለን፤ ከላያችን ነው የሚኖሩት።»

መድኃኒቱ ቀስ እያለ ሠራ። አንድ ጠዋት ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባች፤ መጀመሪያ የሰፋችው ያንን እጅጌ ነበር። ሳያት ዐይኔ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ በራችን ላይ መኪና ካቆመ ሰው ጋር ተያያዝኩ። አባ በቃ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። «በቃ» አሉ። አፌ ላይ የደረሰውን ውጬ ገባሁ። እሳቸውን ወድዶ ነው ብሎ የሚያወራ ካለ ውሸቱን ነው፤ ስፌቱ እንዳይተረተር ብዬ ነው።