የአባባ ገመቹ ካፖርት

ጋዋን መምረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ገላ ታጥበው ሲወጡ የሚደርቡትን፣ ያን ወፍራም የፎጣ ልብስ ማለቴ ነው። እኔ ያለ እሱ ጎልምሻለሁ። ጋቢ እያለ ምን ያደርግልኛል? ሲበርደኝ ጋቢ፣ እንግዳ ሲመጣ ጋቢ፣ ከገላ ስወጣም ጋቢ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን ባለቤቴ ጫልቱ ሠለጠነች። ሻወር ያለው ሰው ጋዋን ሊኖረው ይገባል አለች። ሻወሩ እኮ ውሃ የለውም ብላት፣ ውሃው ሲመጣ ተዘጋጅተን እንጠብቀው አለችኝ።

አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ውፍረቱን እይ፣ ኮሌታውን እይ፣ ቀበቶው እንዳይላላ ብለው መከሩኝ። ኪሱንም እይ ያለኝ አለ። ከገላ የወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይከታል? ብቻ ሁሉም መከረ። ዋናውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ጋዋን ልትገዛ ስትሄድ አማትህን ይዘህ አትሂድ የሚለውን።

አማቴ አባባ ገመቹ ቂሊንጦ ነው የሚኖሩት። ጤፍ ያመርቱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሟል፤ እሳቸው የቀራቸው ግቢያቸው ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ አብረን ሳሪስ ሄድን፤ እኔ ጋዋን ፍለጋ፣ እሳቸው ካፖርት ፍለጋ። ደንበኛዬ ከድር ሰልባጅ ነጋዴ ነው። እኔ ክምሩን ስገለብጥ አባባ ከሥር አንድ ነገር ስበው አወጡ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ባለ ኮሌታ፣ ባለ ቀበቶ። ደረቱ ላይ በወርቃማ ክር ዘውድ ተጠልፎበታል። የሆነ አገር ሆቴል ጋዋን መሆኑ ነው። ለበሱት። ልካቸው ነበር።

"ይሄማ የጄኔራል ካፖርት ነው" አሉ ዘውዱን እየዳሰሱ።

እኔ ከድርን አየሁት። ከድር ጣሪያውን አየ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ልብስ ያማረበት ሽማግሌ ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ ለቅሶም፣ ዕድርም፣ ወረዳም በዚያው ሆነ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ግማሹ ካፖርት መስሎት ነው፤ ግማሹ እንደኔ አንጀቱ አልችል ብሎ ነው። ጉዳዩ በዚሁ ባለቀ ነበር፤ የአባባ የመጨረሻ ልጅ ለሊሴ ሽማግሌ ባይላክባት ኖሮ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሰው ሆኑ። ማን መሰሏችሁ? አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ በማጠብና በመተኮስ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው። ጋዋን ከሩቅ ያውቃሉ። ደግሞ ክብር ወዳድ ናቸው፤ አንድ ቤት በር የከፈተላቸው ሰው ጥርሱን እየፋቀ ስለነበር ንቀት ነው ብለው ከደጅ ተመልሰዋል ይባላል። ለሊሴ ልጁን ትወደዋለች። "አባቴ ከመታጠቢያ ቤት እንደወጣ ተቀበለን ብለው ጥለው ይሄዳሉ፤ በቃ አለቀልኝ" እያለች አለቀሰች። ጫልቱም ወደኔ ዞረች። ያስገዛኸው አንተ፣ የምታስወልቀውም አንተ አለችኝ።

ሞከርኩ። አባባ፣ አይከብድዎትም ወይ አልኳቸው። ክረምት እኮ ነው አሉኝ። ለሽማግሌ ጋቢ አያምርም ወይ አልኳቸው። ጋቢማ ማን የሌለው አለ አሉኝ። ፎጣ ነው የለበሱት ልበላቸው?

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከታክሲ ወርደው ጭቃውን ሲያቋርጡ ዝናብ ያዛቸውና በስብሰው ገቡ። ወጉ ነውና ተቀመጡ እስኪባሉ ቆሙ። ውሃው ከጋሽ ወርቁ ኮት ላይ ይንጠባጠባል። ዓይናቸው አባባ ደረት ላይ አረፈ። ዘውዱን አዩ። ቀበቶውን አዩ። ቅንድባቸው ተነሳ። ከመጋረጃው ኋላ የለሊሴ እጅ ጨርቁን ጨምድዶ ይዞ ይታየኛል። እኔ በበሩ ቀድሜ ልውጣ ወይስ እሳቸው ይውጡ እያልኩ ነው።

አባባ ግን የሚያዩት ሌላ ነው። ቀበቶውን ፈቱና አወለቁት። በተበላ ሹራብ ብቻ ቀሩ።

"ጌታዬ፣ በስብሰዋል። ኮትዎን ያውልቁና ይሄን ይደርቡ" አሉ። "ስንት ካፖርት ለብሻለሁ፤ እንዲህ ውሃ የሚጠጣ ግን አላየሁም።"

ጋሽ ወርቁ አይሆንም አሉ። አባባ በሞቴ አሉ። ለበሱት። ከቀበቶው አስተሳሰራቸው ሙያቸው ታወቀ። ከዚያ እጅጌውን ጉንጫቸው ላይ አስነክተው ወደኔ ጠጋ አሉ።

"ዕድሜዬን ሙሉ አጥቤዋለሁ፣ ተኩሼዋለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "አንድ ቀን ግን ለብሼው አላውቅም።"



"ምን አሉ?" አሉኝ አባባ።

"ካፖርቱ ይሞቃል ነው የሚሉት።"

"አዎ" አሉ ጋሽ ወርቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ካፖርት ማለት እንዲህ ነው።"

በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ነው የሚባለው። አባባም ይህንኑ አሉ። ግን ዝናቡ አላባራም ነበርና ጋሽ ወርቁ እንደለበሱት ሊወጡ ሲሉ፣ "ካፖርቴን ይዘው ይመለሳሉ" አሏቸው። እሺታው ለሁሉም ገባው። ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ሰማን።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ወርቁ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ለብሰውት መጡ። አባባ አዩአቸውና ለእርስዎ ነው የሚያምረው፣ ይውሰዱት አሉ። እኔን ደግሞ ለሠርጉ ሌላ አምጣልኝ ብለው ሳሪስ ላኩኝ።

ከድር ገና ሲያየኝ ሳቀ።

"ለገላ ነው ለሽማግሌ?"

"ለሽማግሌ" አልኩት።

"የሽማግሌው አለቀ። ከእናንተ ሰፈር እየመጡ ካፖርት ነው ብለው ጨረሱት" አለኝ። ከዚያ ከኋላው አንድ እውነተኛ የሱፍ ካፖርት አውርዶ አቀበለኝ። "ለገላ ከሆነ ግን ይቺ አለችልህ።"

ገዛኋት። ውሃ የመጣ ቀን እሞክራታለሁ።