ጋቢ የለበሰ ሞተር

አልነሳ ያለ ሞተር ይዛችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው! እኔ በሱሉልታ የጠዋት ብርድ፣ በሪሞት የምትበረዋን ትንሽ አውሮፕላኔን ለማስነሳት ፕሮፔለሩን ሳሽከረክር አረፈድኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «ቤንዚን ጨምርላት» አለኝ። ጨመርኩላት፤ ጭራሽ አፈናት።

ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከከብቶቻቸው መሀል መጡ። «ልጄ፣ የእኔም የውሃ ፓምፕ እንዲህ ያደርገዋል። በርዷታል» ብለው ቤንዚን ያራሰውን የሞተሩን ካንዴላ አስፈትተው አደረቁት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ሞተሩን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው አቀፉት።

«አንቱስ አይበርድዎትም?»

«እኔ መብረር የለብኝ!»

ትንሽ ቆይተን ስንሞክራት በሁለተኛው ዙር ተነሳች። ሹፌሩ «ብዬህ ነበር!» አለ።

እኔ ምስጋናዬን በምን ላድርስ? አውሮፕላኗን በኦቦ ቶሎሳ አናት ላይ ሦስቴ አዞርኩላቸው። ከብቶቻቸው ደንብረው ተበተኑ። እሳቸው ግን ቤንዚን የሚሸት ጋቢያቸውን አውለበለቡልኝ።