በፋውል የቆመ ሽምግልና

«ፋውል» የምትባለው የእንግሊዝ ቃል ንፋስ መውጫ ላይ የቀበሌ መታወቂያ አውጥታለች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ባጃጅ ተራ ሲሰርቅ ፋውል ነው። ለቅሶ የቀረ ዘመድ ፋውል ሠርቷል። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ያለ እኔ እርዳታ እንዲህ የገባች ቃል አላየሁም። ብቻ ሚስት ልታሳጣኝ ነበር።

ከማስተማሩ ሌላ የኳስ ዳኛ ነኝ። በአንድ ግጥሚያ ሙሉቀን የሚባል የአርብ ገበያ ቡድን ልጅ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በእጁ! ፋውል ብዬ ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ጎሏ ተሻረች። ሙሉቀን ማን ነው? የየዝና ወንድም። የዝናስ? ላገባት ቆርጬ የተነሣሁባት ልጅ! ያን ቀን ፊሽካዬን ምነው በዋጥኋት።

ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ አዱኛ ሽማግሎቹን እንዳቆሙ፣ ወንድ ልጄን ሕዝብ ፊት ያዋረደ ሴት ልጄን አይጠይቀኝም ብለው መለሷቸው።

ምን ላድርግ? መዝገበ ቃላት ገለጥሁ። ለካ ይህች ቃል በጥንት እንግሊዞች ዘንድ የበሰበሰ፣ የሸተተ ነገር ማለት ነበረች። እየቆየች ለቆሻሻ ሥራ፣ ከዚያ ለተንኮል ሆነች፤ በመጨረሻ ኳስ ሜዳ ገባች። እንዴት ደስ አለኝ! ሙሉቀን እንደሆነ ገላውን የሚታጠብ ልጅ ነው፤ እንግዲያስ ምኑን ሰደብሁት? ይህንኑ ለሽማግሎቹ አለቃ ለመሪጌታ አስጠንቼ መልሼ ላክኋቸው። መሪጌታም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ተናገሩልኝ። አያ አዱኛ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ጭራሽ ልጄን ግም ነው አለልኝ?» ብለው ተነሡ። መማር እንዲህ ይጠቅማል።

አሁን የቀረኝ ያገሩ ወግ ብቻ ነበር፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። በሦስተኛው ጉዞ ሽማግሎቹን ተከትዬ ሄድሁ። ከደጃቸው ስደርስ ደህና የሚከብድ ድንጋይ መዝዤ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና ገባሁ።

«በል ንገረኝ» አሉ አያ አዱኛ። «ፋውል ነበር አልነበረም?»

አልነበረም በል ይለኛል ልቤ። የዝና በጓዳው በር ታየኛለች። ድንጋዩ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

«ነበር» አልሁ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም የዝናን አጣኋት አልሁ። ያን ጊዜ ሙሉቀን ከተቀመጠበት መደብ ላይ፣ «አባባ፣ እውነቱን ነው። በእጄ ነው ያገባኋት» አለ። ኧረ ሙሉቀን ይባረክ!

አያ አዱኛ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ። ዓይናቸው ድንጋዩ ላይ ቆየ።

«እኔ እምለው፣ ይህችን ከየት አመጣሃት?»

«ከደጅዎ፣ ከካቡ።»

«ከገብሴ ካብ?»

ዘለው ወጡ። ተከትለን ብንወጣ፣ ማሳውን የከበበው ካብ እኔ ድንጋይ በመዘዝሁበት በኩል ተንዷል፤ ሁለት የጎረቤት በሬዎች ገብሱ መሐል ገብተው ያለ ዳኛ ይግጣሉ።

«ፋውል ማለትስ ይኸ ነው!» ብለው ጮኹ አያ አዱኛ። ግን እየሳቁ ነበር፤ መቆጣቱ እሳቸውንም ሰልችቷቸው ኖሯል። «ልጅቱን ሰጥቼሃለሁ። መጀመሪያ ካቤን መልስ!»

እናላችሁ ሽማግሎቹ ጠላቸውን ሲጠጡ እኔ በክት ልብሴ ካብ ስክብ ዋልሁ። ሙሉቀን ድንጋይ ያቀብለኝ ነበር። መቼም በእጁ ጎበዝ ነው።