«ኖር!» በቲያትር ቤት

አንባቢዬ፣ ሰው በገባ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚል ዘመድ አለዎት? ከሌለዎት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር የሚኖሩትን አጎቴን፣ ጋሽ ወርቁን ላውስዎት። ሐኪም ቤት ይሁን፣ ባስ ውስጥ ይሁን፣ ታላቅ ሰው ሲገባ ይነሳሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ይነሳሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ዳውንታውን ወዳለ አንድ የጥንት ቲያትር ቤት ወሰድኳቸው። ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ንግግሩ ሁሉ በዘፈን የሆነ ቲያትር መጥቶ ነበር። ጣሪያው በወርቅ ቅብ ያበራል፤ ወንበሩ ቀይ ከፋይ ነው። ጋሼም ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ችግሩ የመጣው ጺማቸው የሸበተ ንጉሥ ከዘራ ተደግፈው መድረክ ላይ ብቅ ሲሉ ነው።

«ኖር!»

አዳራሹ ዞሮ አየን። ከኋላችን ያለች ሴትዮ አጉረመረመች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ! አክተር እኮ ነው!»

«አክተርስ ቢሆን! እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

አስተናጋጇ መጥታ «ፕሊስ ሰር» እያለች አስቀመጠቻቸው። ተቀመጡ፤ ግን እስከ መጨረሻው «ይሄ ሁሉ አሳዳጊ የበደለው!» እያሉ ሲብሰለሰሉ ቆዩ።

ሶ፣ ትርኢቱ አለቀ። ንጉሡ ተመልካቹን እጅ ሊነሱ ሲወጡ አዳራሹ በሙሉ፣ ያቺ ሴትዮ ጭምር፣ ብድግ ብሎ በጭብጨባ ቀለጠ። ጋሽ ወርቁ ዘወር ዘወር ብለው አዩ፤ ፊታቸው በራ። ጉልበታቸውን ረስተው ተነሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አየህ? ሰው መካሪ ካገኘ ይታረማል።»