ምድብተኛ ሳይሟላ

«አራት ሆነን ገባን ባንዲት ብረት ሆድ፣
እምም… እምም… እምም… ሆድ…»

አስር አለቃ ዶላሞ ይህችን ዜማ ሲያንጎራጉሩ፣ ከሁለተኛው ስንኝ የሚያስታውሱት ማረፊያዋን ብቻ ነው። ጎደሎ ግጥም እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝና «ቀሪውስ፣ ጋሼ?» እላቸዋለሁ። «እሱን የሚያወጣው ተኳሻችን ነበር» ብለው ያልፉኛል።

የዓለምን ጥፋት ሁሉ በራሱ ሙያ የሚፈታ የቀድሞ ወታደር የሌለበት ከተማ የለም። ለጂንካ የደረሳት ታንከኛ ነው። አውቶቡስ ጭቃ ሲውጠው «መኪናው ጤነኛ ነው፤ ምድብተኞቹ አይግባቡም» ይላሉ፤ ምድብተኛ በሳቸው ቋንቋ በአንድ ታንክ አብሮ የተመደበ ሰው ነው። አውሮፕላን ሲዘገይ፣ ምድብተኞቹ። መዘምራን ዜማ ሲያዛንፉም፣ ምድብተኞቹ። «ብረት ብረት ነው። ታንክ የሚሆነው አራት ሰው እንዳንድ ሰው ሲተነፍስበት ነው!»

ይህን ሊያስተምሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአበዛሽ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ አሸዋው ላይ የሚካሄድ ጨዋታ ፈጠሩልን። ታንኩ የሰርዲን ጣሳ ነው። ነጂው ዓይኑ ታስሮ በገመድ ይጎትተዋል፤ አዛዡ እያየ ይመራዋል፤ አጉራሹ ቆርኪ ያቀብላል፤ ተኳሹ በጣቱ ያስፈነጥራል። ሦስቴ የተመታ ጣሳ ተቃጠለ ይባላል። ነጂው እኔ ነኝ፤ ተኳሹ ግንበኛው ኤርሳዶ፣ አጉራሹ ንጉሤ፣ አዛዡ ልብስ ሰፊው ለማ።

ለማ ሲመራ እንዲህ ነው፦ «ወደ ቀኝ! ቆይ፣ ወደ ግራ! ኧረ አንተ ሰው፣ ድንጋይ ነው!»

«ዓይኔ ታስሯል እኮ!»

«ጆሮህም ታስሯል?»

ክቡርነታቸው አስር አለቃ ግን አንድም ቀን አብረውን ተሰልፈው አያውቁም። ተቀምጠው በልተውም አያውቁም። ሳህናቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ይጎርሳሉ።

«ኧረ ቁጭ ይበሉ፣ አስር አለቃ! በሬ እንኳ ተኝቶ ያመነዥካል» ትላለች አበዛሽ።

«ምድብተኛ ሳይሟላ አይቀመጥም።»

ምክንያቱን አንዴ ብቻ ነግረውኛል። ኦጋዴን ላይ ወባ ጥሏቸው ሆስፒታል ሳሉ፣ ሦስቱ ጓደኞቻቸው ያለ እሳቸው ወደ ውጊያ ወጡ፤ አልተመለሱም። ከአንድ ሳህን የሚበሉ አራት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ናቸው።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን የገዘር ከተማ ተጋጣሚዎቻችን ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ እየጎተቱ ደረሱ። ለማ የለም፤ ወባ ይዞት ተኝቷል።

«ግቡ እንጂ! በጊዜ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለ የገዘሩ አዛዥ።

«ግድ የለም፣ በሦስት እንገባለን» አለ ኤርሳዶ።

«በሦስት አይወጣም!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከአስር አለቃ ሰምተን አናውቅም። ሳህናቸውን አስቀምጠው መጡና ከኋላዬ ቆሙ።

ዓይኔ ስለታሰረ ያየሁት የለም፤ የሰማሁትን ልንገራችሁ። «ቀስ… ግማሽ ግራ… ቁም። አጉርስ። ተኩስ።» ቃሉ እንደ ስንኝ እኩል እኩል ይወርዳል፣ እጄም ሳላስብ ይከተለዋል። የገዘሮች ቆርቆሮ ለመዞር ሲንገታገት ሦስተኛዋ ቆርኪያችን ጓ! አለች።

«ቆርቆሯችሁ ጤነኛ ነው» አሏቸው አስር አለቃ። ቀሪውን አልጨመሩም።

አበዛሽ ቆጮ በጎመን በአንድ ሰፊ ሳህን አቀረበች። አስር አለቃ እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ሄዱ። እኛም ሦስታችን እንደቆምን ቀረን።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ብሉ እንጂ» አሉን ከበሩ ላይ።

«ምድብተኛ ሳይሟላ አይቀመጥም» አለ ኤርሳዶ።

አስር አለቃ አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ወደ አበዛሽ ዞሩ። «ለታመመው ልጅ ድርሻውን አንሺለት። እሱም ከኛው ነው።»

በርጩማውን በእግራቸው ሳቡና ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ወደ ሳህኑ ሰደዱ።