ቆሞ የተነዳው ቀይ ሞተር

እስቲ የዚህን ሰውዬ ጫማ እዩት። መልካችሁን ያሳያችኋል፤ አቧራ የሚባል ነገር አልነካውም። ሄልሜት አጥልቆ፣ ጓንት አድርጎ፣ ቀይ ሞተር ላይ ጉብ ብሏል። ሞተሩ ግን የትም አይሄድም። በጤና ጣቢያው መጋዘን ውስጥ፣ በአሮጌ አልጋዎች መሃል፣ ማቆሚያው ላይ ተተክሏል። ከጎኑ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ሞተር ቆመዋል። ጤና ጣቢያው ተራራ ለተራራ ክትባት ለማመላለስ ከሦስቱ አንዱን ሊገዛ ነው። «ነድቶ ያወዳድርልን» ተብሎ የተቀጠረው ይኸው ሰውዬ ነው። ባለሙያው ይሉታል። ከኋላ ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ ላቡ የሚንጠባጠበው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የክትባቱ ሣጥን አመላላሽ። የተገዛው ሞተር ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ከወደቀም የሚወድቀው እሱ ነው።

ባለሙያው፦ ይሄ ኮረኮንች ነው? ይሄ እሹሩሩ ነው። ሕፃን ነው እንዴ የምታስተኛው?

አመላላሹ፦ እየነቀነቅሁ ነው፣ ጋሼ።

ባለሙያው፦ ጥቁሩ ላይ እንዲህ አልነበርክም። መንጋጋዬን ልታወልቀው ነበር።

አመላላሹ፦ ጥቁሩ እኮ ጠዋት ነበር። ቁርሴን በልቼ ነበር።

ባለሙያው፦ ስለ ሞተሩ ሞላ ሳወራህ ቁርስህን ምን አመጣው? [ወረቀቱ ላይ ይጽፋል] «ጥቁሩ፣ ሞላው ደረቅ ነው፣ ነጂውን ይደበድባል። ነጩ መካከለኛ። ቀዩ ግን ኮረኮንቹን ውጦታል።»

አመላላሹ፦ ሞተሩ አይደለም የዋጠው። እጄ ዝሎ ነው።

ባለሙያው፦ አየህ፣ አለማወቅ እንዲህ ያናግራል። ስለ ሞተር የሚያውቀው ማን ነው?

አመላላሹ፦ እርስዎ ነዎት።

ባለሙያው፦ በቃ ነቅንቅ።

አመላላሹ፦ ግን ጋሼ፣ ከማቆሚያው አውርደን በር ድረስ እንኳ ብንነዳው?

ባለሙያው፦ ለአራተኛ ጊዜ ነው የምትጠይቀኝ። መንገድ ያዳላል፣ ወንድሜ። አንዱ ሞተር ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉድጓዱን ያልፈዋል። እዚህ ግን ለሦስቱም ጉድጓዱ አንድ ነው። አንተ።

አመላላሹ፦ እኔ ጉድጓድ ነኝ?

ባለሙያው፦ ጉድጓድም፣ ድንጋይም፣ ዝናብም። እንዲያውም ዝናቡን አሁን አምጣው።

[አመላላሹ የውሃ ቱቦ ይከፍትና ባለሙያው ላይ ያርከፈክፋል።]

ባለሙያው፦ ጫማዬን ተጠንቀቅ።

አመላላሹ፦ ዝናብ ጫማ አይመርጥም።

ባለሙያው፦ የኔ ዝናብ ይመርጣል። ከፍ አድርገህ ያዘው። [ይጽፋል] «ቀዩ በዶፍ ውስጥ ሲጓዝ የነጂው እግር አይረጥብም።»

አመላላሹ፦ ነጩ ላይ እግርዎ ረጥቦ ነበር። ቱቦው ሾልኮብኝ ነው።

ባለሙያው፦ ነጩ ታዲያ ነጥብ አጣ። ማወዳደር ማለት ይሄ ነው።

[አመላላሹ ቱቦውን ይዘጋል። ቆም ብሎ እጁን በሱሪው ይጠርጋል።]

አመላላሹ፦ ጋሼ፣ የቀረው ይቅር። ስለ ፍሬኑ ይንገሩኝ። የገደሉን ቁልቁለት ያውቁታል፤ ሰባት መታጠፊያ ነው። ባለፈው ክረምት ባልደረባዬ አራተኛው ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ከነሣጥኑ ገደሉን ተንከባለለ። እግሩ ውስጥ ብረት አለ። ክትባቱ ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው እስከ ማታ ጠበቁን።

ባለሙያው፦ እሺ፣ ፍሬን። [መያዣውን ጨምቆ ይይዛል] ሞተሩ ተንቀሳቀሰ?

አመላላሹ፦ አልተንቀሳቀሰም።

ባለሙያው፦ «ፍሬኑ እንከን የለሽ።»

አመላላሹ፦ ሳይይዙትም አልተንቀሳቀሰም እኮ።

ባለሙያው፦ [በመደነቅ] ልክ ነህ። [ይጽፋል] «እንዲያውም ሳይያዝም ያቆማል።»

አመላላሹ፦ ይሄን ሊፈርሙበት ነው?

ባለሙያው፦ ፈርሜያለሁ። «ሦስቱንም በአስቸጋሪ መንገድ ነድቼ አወዳድሬያለሁ፤ ቀዩ ይገዛ።» ነድቷል ወይ የሚል ካለ ማስረጃው ይሄውና። ቆጣሪውን እየው።

አመላላሹ፦ ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር ይላል።

ባለሙያው፦ ከዚህች ኮርቻ ሳልነሳ ዘጠና ስድስት። የጥቁሩም የነጩም እንደዚያው ነው። አደራረግህ ባይጥመኝም ነቅንቀሃል፤ አልክድህም።

አመላላሹ፦ በመነቅነቅ ቆጣሪ ይሄዳል?

ባለሙያው፦ ሄደ አይደል እንዴ?

[አመላላሹ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል።]

አመላላሹ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ሞተሮች እዚህ እንዴት የደረሱ ይመስልዎታል?

ባለሙያው፦ ሻጮቹ ለሙከራ አዋሱ።

አመላላሹ፦ ሻጮቹ ያሉት ገደሉ ማዶ ነው። ማን አመጣቸው?

ባለሙያው፦ ሰው ነዋ።

አመላላሹ፦ ሰውየው እኔ ነኝ። ዋናው መንገድ ተዘግቶ የለ፤ በሦስት ቀን ሦስቱንም፣ ሣጥን ጭኜ፣ በሰባቱ መታጠፊያ አወረድኳቸው። ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስድስት።

ባለሙያው፦ [ሄልሜቱን ከፍ ያደርጋል] ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

አመላላሹ፦ «ስለ ሞተር የሚያውቀው ማን ነው?» ሲሉኝ «እርስዎ ነዎት» አልኩ። ሌላ ምን ጠየቁኝ?

ባለሙያው፦ ቀዩስ እንዴት ነው?

አመላላሹ፦ አስፋልት ላይ ቅቤ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ከአምስተኛው መታጠፊያ ወዲህ ይለሰልሳል፤ ስድስተኛውን በእግሬ እየጎተትኩ ነው ያለፍኩት። ነጩ፣ ሣጥን ሲጫንበት የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። ጥቁሩ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን ቁም ሲሉት ይቆማል። ይሄንኑ ጽፌ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰጥቻታለሁ።

ባለሙያው፦ የኔንስ ሪፖርት?

አመላላሹ፦ «የጻፋችሁት ከተለያየ ነገ ጠዋት እሱ በቀዩ ቁልቁለቱን ይውረድልኝ፤ ታች ሆኜ አያለሁ» ብላለች።

ባለሙያው፦ [ይስቃል] እወርዳለሁ። እኔ ነኝ ቁልቁለት የምፈራው? ሃያ ዓመት ስለ ሞተር የጻፍኩ ሰው። [ወደ ቀኝ ያያል፣ ወደ ግራ ያያል።] ለመሆኑ ማርሹ በእጅ ነው በእግር?

[ከቱቦው ጫፍ የቀረው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።]

አመላላሹ፦ ቁልፉን ይስጡኝ።

ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ ለእህትህ ስትል።

አመላላሹ፦ ለእህቴ ስል ነው ቁልፉን የምቀበልዎት። ቀን ሙሉ ከማቆሚያው እናውርደው እያልኩ የለመንኩዎትም ለዚሁ ነው። አሁን ወረቀቱን ይያዙ፤ ያን ሁሉ ሰርዘው አንድ ቃል ይጻፉ። «አልነዳሁም።»

ባለሙያው፦ እንደዚያ ከጻፍኩ ማን ባለሙያ ይለኛል?

አመላላሹ፦ ማንም። እኔ ግን ከቁልቁለቱ በሕይወት ከተመለስኩ ጋሼ እልዎታለሁ።

[ባለሙያው ብዕሩን ያነሳል። ቀዩ ላይ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይወርዳል፤ እግሩ ወለሉ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ጥልቅ ይላል። ጫማውን አያይም። ይጽፋል።]

እናንተ አንባቢዎች፣ ነገ አንዱ ፈርሞ «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በዚህ ውረዱ» ይላችኋል። እባካችሁ ፊርማውን ከማንበባችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ጫማውን እዩለት።